ጋዝ ሲሸት እጅ ወዴት ይሄዳል? የወጥ ቤት ሠራተኞችን ለጋዝ አደጋ ስለ ማሠልጠን

ጥበቃችን ጨዋ ሰው ነው። ገና ሳይነጋ፣ 11 ሰዓት ላይ ሆቴሉ ስደርስ በሩን ይከፍትልኛል፤ ከዚያም እስከ ወጥ ቤቱ ድረስ ቀድሞኝ ሄዶ መብራት ያበራልኛል። ለዓመታት እንዲሁ ነበር። ግንቦት ውስጥ አንድ ቀን፣ የድሬዳዋዋ ከዚራ ሌሊቱን እንኳ ሙቀቷን ያላራገፈችበት ሰሞን፣ የወጥ ቤቱን በር ገርበብ ሲያደርገው የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ፊቴን መታኝ። እርሱ እጁን ወደ ግድግዳው ዘርግቷል። «ቆይ ልጄ፣ ጨለማ ነው፣ ላብራልሽ» ይለኛል። ክንዱን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ግቢው ጎተትኩት። አንዱ ነጠላ ጫማው እዚያው ደፉ ላይ ቀረ።

ምክንያቱ ቀላል ነበር። ማታ የተጣደ የአጥንት ሾርባ ገንፍሎ የአንዱን ምድጃ እሳት አጥፍቶታል። ተረኛው ልጅ እሳት ስላላየ የተዘጋ መስሎት ሄዷል። ሲሊንደሩንም አልዘጋውም። ጥበቃው ያንን ማብሪያ ተጭኖት ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ዛሬም ሳስበው ጉልበቴ ይከዳኛል።

የበለጠ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ስለ ጋዝ አደጋ ሥልጠና ወስደን ነበር። አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን፣ ግድግዳው ላይ ሥዕል እየታየን፣ ሻይና ብስኩት ቀርቦልን፣ በመጨረሻም የምስክር ወረቀት ተቀብለን ተበተንን። የተጠራነው ምግብ አብሳዮችና ኃላፊዎች ብቻ ነን። ጥበቃው አልተጠራም፤ ሳህን አጣቢዋ አልተጠራችም፤ ከቀፊራ ገበያ አትክልት የሚያመጣልን ልጅም አልተጠራም። ሌሊት የፈሰሰ ጋዝ ጋ ቀድሞ የሚደርሰው ደግሞ የምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ የእኛን ሆቴል ሠራተኞች የማሠለጥነው እኔ ነኝ። መሐንዲስ አይደለሁም፤ 19 ዓመት ድስት ሳማስል የኖርኩ ሴት ነኝ። የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ጠይቄ፣ ጋዝ የሚያቀርብልንን ቴክኒሻን ለምኜ፣ ያገኘሁትንም አንብቤ የሰበሰብኩትን ነው የምጽፈው። ድሬዳዋ ውስጥ ሆቴል፣ ምግብ ቤት፣ ኬክ ቤት ወይም መመገቢያ ያለው ፋብሪካ የምታስተዳድሩ ሁሉ እንደየቤታችሁ አስተካክላችሁ ውሰዱት።

ስለ ጋዙ የምነግራቸው

ብዙ አላወራም። ወሬ ሲበዛ ሠራተኛው ሰዓቱን ያያል። ከጋዙ ጠባይ አራት ነገር ብቻ አነሳለሁ፤ እሱንም ወንበር ላይ ሳይሆን ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆመን ነው።

የመጀመሪያው ክብደቱ ነው። በሲሊንደር የምንገዛው ጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን የሚባሉት ናቸው፤ ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴን ሁለት እጥፍ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ እንደ ጭስ ወደ ላይ አይሄድም። አንድ ባልዲ ውሃ ወለሉ ላይ እደፋና «ተከተሉት» እላቸዋለሁ። ውሃው ከምድጃው ሥር አልፎ፣ ፍሪጁን ዞሮ፣ ወደ ፍሳሽ መውረጃው ይገባል። ጋዙም የሚሄደው በዚያው መንገድ ነው። ሲሊንደር ከመሬት በታች ባለ ክፍል ወይም ፍሳሽ መውረጃ አጠገብ የማይቀመጠው ለዚህ ነው፤ ላይኛውን መስኮት ብቻ ከፍቶ «አናፈስኩት» ማለትም ራስን ማታለል ነው። የሚከፈተው እስከ ወለል የሚደርሰው በር ነው።

ሁለተኛው ብዛቱ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው፤ አንድ ሊትሩ ሲወጣ ወደ 250 ሊትር ጋዝ ይሆናል። ደግሞ ለመቀጣጠል ብዙ አይፈልግም፤ ከክፍሉ አየር መቶ እጅ ሁለት እጁን ከያዘ በቂው ነው። ከ10 እጅ በላይ ሲሆን ደግሞ አየር አንሶት አይነድም። አንድ ጊዜ ይህን ስናገር አንዱ ልጅ «እንግዲያው ብዙ ሲሆን ይሻላል?» አለኝ። አይሻልም፤ በሩ በተከፈተ ቅጽበት አየር ይገባና ልኩን ያገኛል።

ሦስተኛው ሽታው ነው። ጋዙ የራሱ ሽታ የለውም። ያ የተበላሸ እንቁላል የሚመስለው ኢቲል መርካፕታን የሚባል ነገር ሆን ተብሎ ተጨምሮበት ነው። ይህን ስናገር እንደ ዋዛ እንዳይሰሙኝ የአሜሪካኑን ትምህርት ቤት እነግራቸዋለሁ። በቴክሳስ፣ ኒው ለንደን በተባለች ቦታ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በመጋቢት 1937 ሽታ ያልተጨመረበት የተፈጥሮ ጋዝ ከሕንፃው ሥር ተጠራቅሞ ነበር። ማንም አላወቀም። አንድ መምህር የኤሌክትሪክ ማለስለሻ ማሽን ማብሪያ ሲጫን ትምህርት ቤቱ ፈነዳ፤ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ አለቁ። ጋዝ ላይ ሽታ መጨመር በሕግ ግዴታ እየሆነ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያ መምህር ምንም ጥፋት አልሠራም፤ ማብሪያ ነው የተጫነው። ጥበቃችን ይህን ታሪክ የሰማ ቀን ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ እጁን አየ።

አራተኛው ለእኛ ለበረሃ ሰዎች የሚነገር ነው፦ ሙቀት። ሲሊንደር ውስጥ ያለ ፕሮፔን በ20 ዲግሪ ከ8 ባር በላይ ይገፋል (ባር የግፊት መለኪያ ነው)፤ በ40 ዲግሪ ወደ 14 ባር ይጠጋል። የቤት መኪና ጎማ የሚሞላው ከ2 ባር ብዙ ባልበለጠ መሆኑን ስነግራቸው ሾፌር የሆነ ወንድም ያለው ሁሉ ወዲያው ይገባዋል። ድሬዳዋ ላይ በቀትር ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ እጅ አይጣልም፤ ስለዚህ ሲሊንደር ጥላ ይፈልጋል፤ ቀጥ ብሎ መቆምም አለበት፤ እስከ አፉ መሞላትም የለበትም። ከሚያውቁት አከፋፋይ ውጪ በጓሮ ከሲሊንደር ወደ ሲሊንደር «እናጋባላችሁ» የሚሉትን አባርሩ።

እጅን ማሠልጠን

ጋዝ ሲሸት ሰው አያስብም፤ እጁ የለመደውን ያደርጋል። ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ታደርጋላችሁ?» ብዬ አይደለም። ለዚህ ሁሉም ትክክለኛውን መልስ ያውቃል። በሩ ላይ አቆማቸውና «ግባና ጋዝ ሸቶሃል» እላለሁ፤ ከዚያ እጁን ብቻ አያለሁ።

ውጤቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። የድሬዳዋ ሰው እጅ የሚሄደው ወደ ቬንትሌተሩ ነው። ትፍረዱበታላችሁ? በተወለደበት ከተማ ክፍል ሲጨንቅ ቬንትሌተር ይከፈታል። ሽታ ሲመጣም «ይውጣ» ብሎ ማብሪያውን ይጫናል። ማብሪያው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማትታይ የእሳት ብልጭታ አለች፤ የቬንትሌተሩ ሞተር ውስጥም አለች፤ የጭስ መሳቢያው ውስጥም አለች። የሁለተኛው ሰው እጅ ወደ ስልኩ ይሄዳል። የሦስተኛው ወደ መብራት። አንዱ ምግብ አብሳይ ደግሞ፣ የረጅም ጊዜ ባልደረባዬ ነው፣ ክብሪት አወጣ። «የት ጋ እንደሚያፈስ ላይ ብዬ» አለኝ። ሃያ ዓመት በእሳት ሠርቶ ያልሞተው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልምምዳችን እጅን ኪስ ውስጥ መክተት ነው። እውነቴን ነው። ጋዝ ሲሸት ሁለቱም እጆች ወደ ሽርጡ ኪስ ይገባሉ፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል እዚያ ይቆያሉ። መብራት ከበራ እንደበራ ይቆያል፤ ከጠፋ እንደጠፋ። ማጥፋትም ብልጭታ አለው፤ ይህን ደጋግሜ ነው የምለው፤ ምክንያቱም «አታብራ» ሲባል «እሺ ላጥፋ» የሚል አይጠፋም። ከዚያ በኋላ ነው እጅ ሥራ የሚሰጠው፦ የሚነድ ምድጃ ካለ ቁልፉን መዝጋት፣ መጮህ፣ በሩን መበርገድ፣ መውጣት። ሽታው ኃይለኛ ከሆነ ወይም የሚያፏጭ ድምፅ ከተሰማ ወይም ወለሉ ላይ ነጭ ጉም ከታየ ምድጃም በርም ይቅር፤ እግር ብቻ ይሥራ።

ጩኸቱን በተመለከተ አንድ ችግር ገጥሞናል። እዚህ ከተማ አንድ ወጥ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ይነገራል፤ የሁሉም አፍ ግን «ጋዝ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል ብዬ እሱን መረጥኩ። በመጀመሪያው ልምምድ «ጋዝ!» ብዬ ስጮህ ሳህን አጣቢዋ ሮጣ የነጭ ጋዙን ጠርሙስ አመጣችልኝ። ለካ ለእርሷ ጋዝ ማለት ላምባ ነው! ከዚያ በኋላ ፊሽካ ገዛን። አንዱ ምድጃው አጠገብ፣ አንዱ ከጓሮው በር ውጪ፣ አንዱ ጥበቃው አንገት ላይ። ሦስት ረጅም ፊሽካ ማለት ሁሉም ሰው ይወጣል ማለት ነው። ፊሽካ መብራት አይፈልግም፤ ትርጉምም አይፈልግም። የኤሌክትሪክ ደወል ያላችሁ ጋዝ ለሸተተበት ክፍል አትጠቀሙበት።

አሁን ስለ ሲሊንደሩ ቁልፍ ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አጠፋለሁ። ከዚያ ግንቦት በኋላ ሲሊንደሮቹን ከወጥ ቤቱ አውጥተን ጓሮ፣ ጥላ ባለበት፣ ነፋስ በሚያሳልፍ የብረት ፍርግርግ ውስጥ አስቀመጥናቸው። ስለዚህ ማንም ሰው ሽታው ውስጥ ሳይገባ ከውጭ ሊዘጋቸው ይችላል፤ መዝጋት ከቻለ ነው ታዲያ። የእኛ ሲሊንደር ላይኛው እጀታ እንደ ውሃ ቧንቧ ወደ ቀኝ ሲዞር ይዘጋል። የጋዙን ግፊት የሚቀንሰውን ሬጉሌተር ከሲሊንደሩ ጋር የሚያጠብቀው ነት ግን ተቃራኒ ነው፤ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ይላላል። ይህ የፋብሪካ ስህተት አይደለም። የሚቀጣጠል ጋዝ ማሰሪያ ከሌላው ጋር እንዳይምታታ ሆን ተብሎ ጥርሱ ተገልብጦ ይሠራል። አሁን አስቡት፦ የደነገጠ ሰው፣ በጨለማ፣ «ወደ ቀኝ ይዘጋል» የሚለውን ብቻ ይዞ፣ እጁ እጀታውን ስቶ ነቱን ቢይዝ ይፈታዋል።

ለዚህ ባዶ ሲሊንደር አስመጥቼ ግቢው መሐል አቆምኩ። እያንዳንዱ ሰው ዓይኑን በሻሽ ታስሮ፣ እጁን ከላይ ወደ ታች እያወረደ፣ መጀመሪያ እጀታውን ያገኛል፤ ከዚያ ወደ ቀኝ እስኪያቆም ያዞራል። ኪያቬ፣ የብረት መፍቻው ማለቴ ነው፣ አይፈቀድም፤ እጀታ በእጅ ነው የሚዘጋው። ከሌላ ዓይነት ሲሊንደር ጋር የምትሠሩ ከሆነ፣ ሬጉሌተሩ ላይ ቁልፍ ያለው ወይም በመጫን የሚገጠም ከሆነ፣ የራሳችሁን ይዛችሁ ተለማመዱ፤ የሌላ ቤት ልምምድ አይሠራላችሁም። ጥበቃችን በመጀመሪያው ሙከራ ግራና ቀኙን ሦስት ጊዜ አሳሳተ። አሁን ግን ከሁላችንም ይፈጥናል።

በበርጫ ሰዓት የሚደረግ ልምምድ

ልምምዱን መቼ ላድርገው ብዬ ሳስብ የመጣልኝ ከሰዓት 8 ሰዓት ነው። ድሬን የሚያውቅ ይህ ሰዓት ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ሱቁ ተዘግቷል፣ መንገዱ ባዶ ነው፣ ግማሹ ከተማ ተኝቷል፣ ግማሹ በርጫ ላይ ነው። ወጥ ቤቱ ከምሳ በኋላ ተዘግቶ ስለሚቆይ ጋዝ ቢያፈስ በጸጥታ የሚጠራቀመው በዚህ ሰዓት ነው። ሠራተኞቼ በጣም ተቆጡ። አንዷ «እትዬ፣ አደጋ ራሱ በዚህ ሰዓት አይመጣም» አለችኝ።

በመጀመሪያው ልምምድ ያየሁት ጉድ እስከ ዛሬ ማስተማሪያዬ ነው። ፊሽካው ሲነፋ ገንዘብ ያዡ መሳቢያውን መቆለፍ ጀመረ። አንድ ልጅ ስልኩን ረስቶ ተመልሶ ገባ። ሁለቱ አስተናጋጆች በፊት ለፊቱ በር፣ እንግዶች መሐል አልፈው፣ ፈገግ እያሉ ወጡ። ጥበቃው ደግሞ ግርግር ሲሰማ ሮጦ የግቢውን በር ከውጭ ዘጋው። ለምን? ሥራ የተቀጠረ ቀን «ግርግር ካለ ሌባ እንዳያመልጥ በሩን ዝጋ» ተብሎ ነበር። የተማረውን ነው የሠራው። ሁላችንም ግቢው ውስጥ ተቆለፍን።

አሁን ሦስት ፊሽካ ሲሰማ የእርሱ ሥራ በሩን ወለል አድርጎ መክፈትና በሩ ላይ የሚቆሙትን ባጃጆች ማራቅ ነው። ባጃጆቹ ሞተር ሳያስነሱ በእጅ እየተገፉ ይሄዳሉ፤ ይህን ለሾፌሮቹም አስተምረናቸዋል፤ እየሳቁም ቢሆን ተቀብለውታል። መሰብሰቢያችን መንገዱን ተሻግሮ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ነው። ዛፉን የመረጥኩት ለጥላው ብቻ አይደለም፤ ከግቢያችን ከፍ ይላል፤ ጋዙ ዝቅ ወዳለው ይወርዳልና። ነፋሱ ከወጥ ቤቱ ወደ ዛፉ የሚነፍስበት ቀን ካለ ግን ወደ ሌላኛው ጥግ እንሄዳለን፤ አቧራውን አይቶ አቅጣጫውን መለየት ለእኛ ከተማ ሰው አይከብድም። እዚያም የዕለቱ ተረኛ ከወረቀት ላይ ስም ይጠራል። ስም ሳይጠራ «ሁሉም ወጥቷል» የሚል ሰው አላምንም።

ስልክ የሚደወለው ከዚያ ከዛፉ ሥር ነው። የከተማውን የእሳት አደጋ መከላከያ ቁጥር ራሳችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ እዚያው ሆናችሁ ደውላችሁም ሞክሩት፤ ከዚያ በር ላይና በጥበቃው ስልክ ላይ ይመዝገብ። ሲደወል ምን እንደሚባልም እንለማመዳለን፦ ሠፈሩ፣ ታዋቂ ምልክቱ፣ ምን እንደሸተተ፣ ስንት ሲሊንደር እንዳለ፣ ሰው ውስጥ ቀርቶ እንደሆነ። የደነገጠ ሰው «ቶሎ ኑ!» ብሎ ይዘጋል፤ የት እንደሚኬድ ሳይናገር።

የመብራት ነገር አለ። ዋናው ማጥፊያችን ከወጥ ቤቱ ርቆ በግቢው በር አጠገብ ቆጣሪው ጋ ነው። ሽታ ከሌለበት እዚያ ማጥፋት ይቻላል፤ እንዲያውም ይገባል። በተለይ መብራት ጠፍቶ ባለበት ሰዓት ጋዝ ከሸተተ አትዘናጉ፤ መብራቱ ድንገት ሲመለስ ፍሪጁ ማንንም ሳይጠይቅ በራሱ ይነሳል። ቆጣሪያችሁ ወጥ ቤቱ ውስጥ ከሆነ ግን አትንኩት።

ተመልሶ መግባት የሚፈቅደው ማነው? በእኛ ቤት የእሳት አደጋ ሰው ወይም የጋዝ ቴክኒሻኑ ብቻ ነው። ባለቤቱም አይደለም። ይህን ባለቤታችን ፊት ተናግሬ ትንሽ ከበደው፤ ግን ፈረመበት።

እሳት ከተነሳ

ቱቦው ላይ የሚነድ እሳት ስታዩ የመጀመሪያ ሐሳባችሁ ማጥፋት ነው። እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄው። ሲሊንደሩ ጋ በደህና መድረስ ከተቻለ ይዘጋል፤ እሳቱም በራሱ ይሞታል። መዝጋት ካልተቻለ ግን እሳቱን አታጥፉት። የሚነደው ጋዝ ቢያንስ የት እንዳለ ይታያል፤ እሳቱን ገድላችሁ ጋዙ መፍሰሱን ከቀጠለ ክፍሉን ሞልቶ ሌላ ብልጭታ ይጠብቃል። ሰው ይውጣ፣ በአካባቢው የሚቀጣጠለው ነገር ይራቅ፣ የሚቻል ከሆነ ከሩቅ ሲሊንደሩ ላይ ውሃ እየተረጨ ይቀዝቅዝ። ሲሊንደሩ ራሱ እሳት ውስጥ ከገባ ግን ውሃም ይቅር፤ ሊፈነዳ ስለሚችል ሰፈሩን ጭምር ይዞ መራቅ ነው።

የዘይት እሳት ሌላ ነው፤ እሱን ሁሉም ምግብ አብሳይ ማወቅ አለበት። ውሃ በፍጹም። ምድጃው ይዘጋል፣ መክደኛ ይደረግበታል፣ እስኪበርድ አይከፈትም። ሳምቡሳ የምንጠብስበት ብረት ድስት አጠገብ ልኩ የሆነ መክደኛ ሁልጊዜ ተሰቅሎ ይኖራል።

የዱቄት እሳት ማጥፊያውን ቢያንስ አንድ ጊዜ እያንዳንዱ ሰው በእጁ ይርጨው። የመያዣውን ፒን መንቀል፣ አፉን ወደ እሳቱ ሥር ማነጣጠር፣ መጫን፣ ግራና ቀኝ መጥረግ። ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበውን ሳትጥሉ ለልምምድ አድርጉት። ሠራተኞቼን ያስደነገጣቸው በሰከንዶች ውስጥ ማለቁ ነው፤ ሁሉም ለደቂቃዎች የሚረጭ መስሏቸው ነበር።

ስለ ልብስ ማንንም ሳላስከፋ የተናገርኩት አለ። ድሪያም ሆነ ናይለን ሻሽ ለሙቀቱ ቀላል ነው፤ እሳት ሲነካው ግን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይለጠፋል። ሒጃብ ለሚለብሱት ባልደረቦቼ ሆቴሉ የጥጥ አሠርቶላቸዋል፤ ጫፉ ሽርጡ ውስጥ ይገባል። ልብሱ የተያያዘ ሰው አይሮጥም፤ ይቆማል፣ ፊቱን ሸፍኖ ይተኛል፣ ይንከባለላል። የተቃጠለ አካል ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ የቧንቧ ውሃ ይቀዝቅዝ። ማር፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቡና፣ ምንም አይቀባም። እዚህ ላይ ከአክስቶቻችን ጋር ክርክር አለ፤ ሐኪም እስኪያየው ክርክሩን እኔ ልሸነፍላቸው፣ ቁስሉን ግን አይንኩት። ፈሳሹ ጋዝ ቆዳ ላይ ከተረጨ ደግሞ የሚያቃጥለው ብርድ ነው፤ ፕሮፔን ከዜሮ በታች በ42 ዲግሪ የሚፈላ ነገር ነውና። አይታሽም፤ ለብ ባለ ውሃ ይነከራል፤ ወደ ሐኪም ይኬዳል።

የማይሸተው

ከጥቂት ልምምድ በኋላ አንድ አዲስ ችግር አየሁ። ሠራተኞቼ «ካልሸተተ ጋዝ የለም» ማለት ጀመሩ። የከሰል ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው፣ አይሸትም፣ አይታይም፣ ዓይን አያቃጥልም። ከደም ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በጠነከረ ኃይል ስለሚጣበቅ ሰውየውን በተቀመጠበት ያደክመዋል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይጀምረዋል፤ «ሙቀቱ ነው» ይባላል፤ ድሬ ላይ ሁሉም ነገር «ሙቀቱ ነው»። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ራሱን ካመመው ሙቀት ሳይሆን አየሩ ነው፤ ከሰሉን ሳይሆን ሰዎቹን አውጡ። ትንኝ ይገባል ተብሎ በር ተዘግቶ ቡና አይፈላም፤ ጄኔሬተር እቃ ቤት ውስጥ ወይም ከመስኮት ሥር አይነሳም።

የሽንት ቤት ጉድጓድና የውሃ ጉድጓድ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። የበሰበሰ ፍሳሽ የሚያወጣው ጋዝ መጀመሪያ ይሸታል፤ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዘዋል፤ ሰውየው «ሽታው ጠፋ» ብሎ ይወርዳል። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሊያወጣው ይገባል፤ ሦስተኛውም ይከተላል። የእኛ ቤት ደንብ አጭር ነው፦ ማንም አይወርድም፤ የወደቀ ካለ ይጮሃል፣ ይደወላል፣ አይወረድም። በዚህ ላይ ጥያቄ አልቀበልም።

የየዕለቱ

ጠዋት ሥራ ሳይጀመር በስፖንጅ የሳሙና አረፋ እንቀባለን፦ ሬጉሌተሩ ላይ፣ ቱቦውን በሚያጠብቁት የብረት ቀለበቶች፣ በፋሸታዎቹ ላይ፣ ቱቦው ምድጃው ውስጥ በሚገባበት ላይ። ምድጃዎቹ ተዘግተው ሲሊንደሩ ተከፍቶ ነው። አረፋው ዓይን እያወጣ ካበጠ እዚያ ያፈስሳል። አፍንጫ ብቻውን አይታመንም፤ ጉንፋን የያዘው አለ፤ ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ሲያቁላላ የዋለም አለ፤ ጤነኛ አፍንጫም አንድ ሽታ ውስጥ ሲቆይ ይለምደዋል። ጋዝ ጠቋሚ መሣሪያ ካገኛችሁ ለሲሊንደር ጋዝ ከወለሉ አጠገብ ስቀሉት። ጣራ ላይ ሰቅሎ የሚኩራራ አይቻለሁ።

ቱቦ በእኛ ሙቀት ቶሎ ይደርቃል። እኔ በየሁለት ዓመቱ አስለውጣለሁ፤ ሲታጠፍ መሰንጠቅ ካሳየም ሳልጠብቅ። አሮጌውን አልጥለውም፤ ቆርጬ ለሥልጠና አስቀምጠዋለሁ፤ ስንጥቁን በጥፍሩ የዳሰሰ ሰው ሁለተኛ አይዘነጋም። ማታ ሲዘጋ መጀመሪያ ሲሊንደሩ ይዘጋል፣ ቱቦው ውስጥ የቀረው ነዶ እስኪያልቅ ይጠበቃል፣ ከዚያ ምድጃው። የዘጋው ሰው በመዝገቡ ላይ ሰዓቱን ጽፎ ይፈርማል፤ ጥበቃውም አጠገቡ ቆሞ አይቶ ይፈርማል።

ባለቤቶች «ይህን ሁሉ የማደርገው ግዴታዬ ነው?» ካላችሁ፣ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኞቹን ከሥራው አደጋ የሚጠብቁበትን መመሪያ እንዲሰጣቸው ያዛል። ጥበቃም ሠራተኛ ነው።

በእኛ ቤት አዲስ የተቀጠረ ሰው ሽርጥ ከመታጠቁ በፊት ግቢው መሐል ወዳለው ባዶ ሲሊንደር ይሄዳል። የሚያስተምረው ጥበቃው ነው፤ ይህን ሥራ ለማንም አይሰጥም። ባለፈው ሰኞ አንዲት ልጅ ዓይኗን ታስራ እጀታውን ወደ ግራ አዞረችው። «ልጄ፣ አሁን ከፈትሽው» አላት። ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ በአራተኛው ዘጋችው። ከዚያ ሽርጧን ሰጠኋትና ሽንኩርት ልትልጥ ገባች።